ከጣና በላይ ያለ ተዳፋት ሳይት፦ ክረምት ሳይገባ ደለሉን እንዴት እንያዘው?

ጠያቂ፦ ሳይት_ዘጌመንገድ

ሰላም ለቤቱ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ 1.2 ሄክታር ሳይት ይዘናል። የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች፣ የውስጥ መንገድና የመኪና ማቆሚያ ይሠራበታል። የላይኛው ግማሽ ቀይ አፈር ሲሆን ተዳፋቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። የታችኛው ግማሽ ወደ 2 በመቶ ይለሳለሳል፤ አፈሩ ዋልካ ነው። ከታችኛው ወሰን እስከ ሐይቁ 150 ሜትር ያህል ይቀራል፤ መጀመሪያ የግጦሽ ሣር፣ ከዚያ ደንገል። ከላይ በኩል ደግሞ 2 ሄክታር የሚሆን ማሳ ጎርፉን ወደኛ ይለቃል።

አሁን ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ኮንትራክተሩ በግንቦት ሙሉ ሳይቱን በዶዘር ጠርጎ ቆረጣውንና ሙሌቱን (ከፍ ያለውን ቆርጦ ዝቅ ያለውን መሙላቱን) ባንድ ጊዜ መጨረስ ይፈልጋል። ለደለሉ የታሰበው በታችኛው ወሰን ላይ 110 ሜትር የጆንያ አጥር መትከል ነው። ይበቃል ትላላችሁ? ካልበቃ ምን ይቅደም?

እርከን

ወንድሜ፣ አይበቃም። የደለል አጥር ከጂኦቴክስታይልም (ውሃ አሳልፎ አፈር ከሚይዝ የፋብሪካ ጨርቅ) ይሠራ ከጆንያ፣ ተበትኖ ለሚወርድ ስስ ጎርፍ ነው የሚሆነው። የተለመደው ልክ በየ30 ሜትር አጥር ከ0.1 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ነው። ስለዚህ ያንተ 110 ሜትር 0.37 ሄክታር ገደማ ይችላል። የምትጭንበት ግን የራስህን 1.2 ሄክታርና ከላይ ያለውን 2 ሄክታር ነው። ከባድ የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከአጥሩ ኋላ ይጠራቀማል፣ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሄዳል፣ ሥሩን ይቦረቡረዋል፤ አጥሩ ሲተኛ እስከዚያ ቀን የያዘው ደለል ሁሉ ባንድ ሌሊት ይወርዳል።

ሌላው የአፈሩ ጠባይ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰድና ሲሶውን ከሳይትህ ዋልካ፣ የቀረውን በውሃ ሙላው። በደንብ ነቅንቀህ ጠረጴዛ ላይ አቁመው። አሸዋው ወዲያው ታች ይቀመጣል። ከአሸዋ የደቀቀው ሲልት ሰዓታት ይፈጃል። ሸክላው ግን በማግሥቱም ውሃውን እንዳደፈረሰው ታገኘዋለህ። በሂሳብ ብታየውም ያው ነው፦ 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመውረድ 3 ሰዓት ገደማ፣ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነች የሸክላ ቅንጣት ግን ከ3 ቀን በላይ ትፈልጋለች። ይህ ውሃው ፍጹም ከረጋ ነው። ስለዚህ አጥርም ሆነ ኩሬ አሸዋውንና የሲልቱን አብዛኛውን ይይዛሉ እንጂ ሸክላው ያልፋቸዋል። ፎስፈረስ ተሸክሞ ጣና የሚገባው፣ እምቦጩንም የሚመግበው ደግሞ ይኸው ደቃቅ አፈር ነው። ሸክላን መያዝ የሚቻለው ከቦታው ሳይነሳ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ከላይ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ ሳይትህን ሳይነካ ይቀልበስ። ቀጥሎ ጠረጋው ይከፋፈል። የተገለጠው አፈር ይሸፈን። ከዚያ ድፍርሱን ውሃ አቁሞ ደለሉን የሚያስቀር ኩሬ፤ አጥሩ መጨረሻ።

ስለ ጠረጋው ጠንክረህ ተከራከር። ሙሉ 1.2 ሄክታር በግንቦት ተገልጦ ሰኔ ላይ ከደረሰ የሚያድነው ነገር የለም። በሦስት ክፈሉት፣ በየ0.4 ሄክታር፤ ያንዱ ቆረጣና ሙሌት አልቆ ሳይሸፈን ሁለተኛው አይነካ። የታችኛውን ዋልካ ጭራሽ ከመስከረም በኋላ አቆዩት። በክረምት ዋልካ ላይ የገባ ሲኖትራክ ራሱ ይሰምጣል፣ ያወጣው ጭቃም አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል።

አንድ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር አለ። ሙሌቱን ሲጨርሱ ዶዘሩ ተዳፋቱን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለስበት እንጂ በአግድም አይሂድ። የሰንሰለቱ ጥርስ የሚያወጣው ምልክት ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ይሻገራል፤ ዶዘሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲሄድ ምልክቱ ከፍታውን ተከትሎ ይጋደማል፣ እያንዳንዱ ጥርስም ትንሽ ውሃ ያቆማል፣ ዘርም ይይዛል። በአግድም ከሄደ ጥርሶቹ ቁልቁል የሚወርዱ ቦዮች ይሆኑና ዝናቡ መንገዱን ተሠርቶ ያገኘዋል። ለዓይን የሚያምረው በግሬደር የተለሰነው ፊት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሻካራ ተዉት።

ቦይና_ክትር

እርከን ባለው እስማማለሁ፤ መጠኑን ልጨምር።

መቀልበሻ ቦዩ፦ ከላይ ያለው 2 ሄክታር ማሳ ነው። የፍሰት ድርሻውን (ከዝናቡ ሳይሰርግ የሚፈስሰውን) 0.4፣ የዝናቡን ጥግግት ለምሳሌ በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር ብንይዝ (ትክክለኛውን ከኢትዮጵያ መንገዶች የድሬኔጅ ዲዛይን ማንዋል ኩርባ አንብብ) 0.4 × 80 × 2 ÷ 360 = 0.18 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይመጣል (360 ሚሊ ሜትሩንና ሄክታሩን ወደ ሜትር ኩብ በሰከንድ የሚቀይር አካፋይ ነው)። የታች ወርዱ 40 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 40፣ ጎኑ 1 ለ 1 ሆኖ 0.7 በመቶ የተጋደለ ቦይ በ30 ሳንቲሜትር የውሃ ጥልቀት ይህንኑ ያህል ያሳልፋል፤ ቀሪው 10 ሳንቲሜትር ለጥንቃቄ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.85 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለባዶ አፈር ጠርዝ ላይ ያለ ፍጥነት ስለሆነ መታጠፊያውንና መውጫውን ድንጋይ አልብስ፣ ቀሪው ላይ ሰርዶ ከነሥሩ ተክል። የተቆፈረው አፈር በታችኛው ጎን ተደርድሮ ይጠቅጠቅ።

ጋደሉን በዓይን አትመን። 10 ሜትር ሲባጎ፣ ውሃ ልክና ሁለት የተለኩ እንጨቶች ይዘህ በየ10 ሜትሩ 7 ሳንቲሜትር አውርድ። አንድ ቦታ ላይ ከተገለበጠብህ ውሃው እዚያ ይቆማል፣ ጠርዙን ሰብሮም በቀጥታ ሳይትህ ላይ ይወርዳል። መውጫውን ከጎረቤት ማሳ ላይ እንዳታፈስስ፤ ወደ ነባሩ የውሃ መውረጃ አድርሰውና 3 ሜትር ያህል ድንጋይ ንጠፍለት።

በሳይቱ ውስጥ የሚወርደው ቦይ 8 በመቶ ላይ ስለሆነ ክትር (ቦዩን አቋርጦ ውሃውን የሚያዘገይ ትንሽ የድንጋይ ግድብ) ያስፈልገዋል። የክትሩን ቁመት በተዳፋቱ አካፍል፤ 0.5 ÷ 0.08 = 6.25፣ ስለዚህ በየ6 ሜትሩ። እንዲህ ሲሆን የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው አናት ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ ካራራቅኸው መካከሉ ይቦረቦራል። መሐሉ ከሁለቱ ጫፎች ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፣ ጫፎቹም ወደ ቦዩ ግድግዳ ይግቡ። ክትር አናቱ ቀጥ ብሎ ከተደረደረ ውሃው በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይበላና ክትሩ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ኩሬው፦ በሄክታር 250 ሜትር ኩብ ያዝ፤ ለ1.2 ሄክታር 300። ጎኑ 2 አግድም ለ1 ቁመት ሆኖ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ፣ አናቱ 25 በ12፣ ታቹ 19 በ6 የሆነ ኩሬ ይህን ይይዛል። ርዝመቱ ከወርዱ ከእጥፍ አይነስ፤ መግቢያውና መውጫው ከተቀራረቡ ውሃው በአጭሩ አቋርጦ ይወጣል፣ የቀረው ኩሬ ሥራ ይፈታል። መግቢያው አጠገብ በዝቅተኛ የድንጋይ ግድብ ትንሽ ክፍል ለይለት፤ አሸዋው እዚያ ይቀርና በአካፋ ይወጣል።

መውጫው 160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን። ባለ 1 ሳንቲሜትር ቀዳዳ 25 ያህል በቁመቱ በትንበት፣ ዙሪያውን ጠጠር አልብሰው። ሙሉ ኩሬ በ3 ቀን ገደማ ይጎድላል። ይህ ለደለሉም ለወባውም ነው፤ የትንኝ እንቁላል አድጎ እስኪበር ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለትርፍ ውሃ ደግሞ 2 ሜትር የሚሰፋ፣ ድንጋይ የለበሰ ማፍሰሻ ለብቻው ይኑር። በዚያው ጥግግት የሳይትህ ፍሰት፣ ድርሻውን 0.6 ብንል፣ 0.16 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው፤ ማፍሰሻው ላይ 13 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይቆማል። ዳርቻውን ከማፍሰሻው 40 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው። ዙሪያውም ይታጠር፤ እረኛ ልጆች ባሉበት ሰፈር ክፍት ኩሬ አይተውም።

ሳይት_ዘጌመንገድ

እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። አማካሪው በየተዳፋቱ ትሬንች ቆፍረን ውሃውን እናስርገው ይላል፣ እንደ ተፋሰስ ሥራው። ኩሬውን ዝቅተኛው ማዕዘን ዋልካው ላይ ማድረግ ይቻላል? ለመሸፈኛስ ምን እንጠቀም? የጤፍ ጭድ ዋጋው አይቀመስም።

ችግኝ_ጣቢያ

ስለ መሸፈኛው እኔ ልመልስ። የጤፍ ጭድ ለከብት ይቅር፤ ከፎገራ በኩል የሚመጣ የሩዝ ጭድ ይሆናል። የተከተፈ የበቆሎ አገዳም ይሠራል፣ ተዳፋት ላይ ግን መንሸራተት ያበዛል። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል፣ በሄክታር ከ4.5 እስከ 5 ቶን። ሲበተን አፈሩ ከዚህም ከዚያም ብቅ ብቅ ሊል ይችላል እንጂ ሰፊ ቦታ ባዶ ሆኖ አይታይ። ካልታሰረ ነፋስና ጎርፍ ይወስደዋል፦ በየ1 ሜትሩ አጭር ችካል ምታና ሲባጎ እያመሳቀልክ ወጥር። በጣም ካወፈርከው ደግሞ ከሥር የሚበቅለው ሣር ይታፈናል።

አደራ፣ ከሐይቁ የታጨደ እምቦጭ በነጻ ተገኘ ብለህ አታልብስ። ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ ጎርፉ መልሶ ወደ ጣና ያወርደዋል።

ጭድ የክረምቱን መግቢያ ያሻግራል፤ ቋሚው ሽፋን ሣር ነው። ለሙሌቱ ፊት ቬቲቨር የሚያህል የለም፤ ሥሩ ቁልቁል 2 እና 3 ሜትር ይወርዳል፣ በዘር ስለማይራባም ማሳ አይወርርም። ግንጣዮቹን ዝናቡ ሲይዝ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ተክል። ቅጠሉ 20 ሳንቲሜትር፣ ሥሩ 10 ተደርጎ ይቆረጥ፤ በመስመር ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይራራቅ፤ መስመሮቹ ከፍታውን ተከትለው በየ1 ሜትር ቁመት ልዩነት ይጋደሙ። አንድ መስመር ውስጥ ሁለት ግንጣይ ሳይበቅል ከቀረ ውሃው በዚያች ክፍተት ተሰብስቦ ይወጣልና ሐምሌ ላይ ዞረህ ሙላ። በመስመሮቹ መካከል ደሾ ሣር ወይም ሰርዶ ይሁን። ብዙ ሰው ቬቲቨሩን ተክሎ መካከሉን ባዶ ይተወዋል፤ ቬቲቨር ግን በመጀመሪያው ክረምት ገና አጥር አይሆንም፣ ያን ጊዜ አፈሩን የሚያድነው ጭዱና ሰርዶው ነው።

የላይኛውን ለም አፈር አትጣሉት። ለብቻው ከምሩት፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር አይበልጥ፣ ከውሃ መውረጃ ይራቅ፣ በሸራ ወይም በሣር ይሸፈን። ቀዩን የከርሰ ምድር አፈር ገልጦ በቀጥታ ሣር የሚተክል ሰው እስከ ነሐሴ ቢጠብቅም አረንጓዴ አያይም።

ቦይና_ክትር

ትሬንቹ ላይ ከአማካሪው እለያለሁ። ቀዩ አፈር ላይ፣ ከሕንጻና ከቆረጣ ርቆ ከሆነ ይሁን፤ ቀይ አፈር ውሃ ያሰርጋል። ከቆረጣ ፊት በላይ ወይም ከመሠረት አጠገብ ግን አይደረግም። የሰረገው ውሃ ከቆረጣው ፊት ብቅ ይላል፣ አፈሩ ይከብዳል፣ ይናዳል። ዋልካ ላይ ጭራሽ አይሆንም። በበጋ ስንጥቁ ውሃውን ዋጥ ያደርገዋል፤ ጥቂት ዝናብ ሲያገኝ ያብጥና ይዘጋል፤ ከዚያ ትሬንቹ ሞልቶ የሚቆም ገንዳ ነው። ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ ማዊ ላይ ያሉት ቦረቦሮች የሚሰፉት በሸለቆው ግርጌ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ አፈሩ በራሰበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ውሃ መጨመር ናዳውን ማገዝ ነው። ትርፉን ውሃ ደህና አድርገህ አሳልፈው።

ኩሬው ዝቅተኛው ማዕዘን ላይ፣ በኋላ የመኪና ማቆሚያ በሚሆነው ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የታችኛው ሥራ ከመስከረም በኋላ ስለሆነ አይጋጭም። ሆኖም 1.5 ሜትሩን ሁሉ ወደ ታች አትቆፍረው፤ 70 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍረህ ቀሪውን በዳርቻ አንሳው። የዳርቻው አፈር ከላይ የመጣ ቀይ አፈር ይሁን፣ በ20 ሳንቲሜትር ንብብር እየረጠበ ይጠቅጠቅ። ከዋልካ የተሠራ ዳርቻ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ ባንድ ማታ ዳርቻውን ይወስደዋል። በዳርቻው እግር ሥር 50 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍረህ በቀዩ አፈር ሙላው። ቧንቧው በዳርቻው ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ የኮንክሪት አንገት አልብሰው፤ ኩሬ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሞልቶ ወይም በቧንቧው ዳር በሚሾልክ ውሃ ነው።

ጣና_ዳር

ያልተነሳ ነገር ልጨምር። አሁን በሚያዝያ ቆፍረህ ደረቅ ያገኘኸው ቦታ በመስከረም ደረቅ አይሆንም። ጣና ዝቅ የሚለው በግንቦትና ሰኔ፣ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በመስከረምና ጥቅምት ነው፤ ልዩነቱ በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ የዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ይነሳል። ስለዚህ ኩሬው በሚሠራበት ቦታ 2 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ ቆፍርና ግድግዳውን ተመልከት። ግራጫና የዝገት ነጠብጣብ የጀመረበት ከፍታ ውሃው በክረምት የሚቆምበት ነው። የኩሬው ወለል ከዚያ በታች ከሆነ ደለል ሳይገባበት ሞልቶ ታገኘዋለህ። የመውጫ ቧንቧውም አፍ እንዲሁ ከፍ ይበል።

መሠረት ሲቆፈር የሚወጣውን ድፍርስ ውሃ በፓምፕ ቀጥታ ወደ ደንገሉ አትልቀቁት። ጎኑ የተበሳሳ በርሜል ጉድጓዱ ውስጥ አቁማችሁ ዙሪያውን ጠጠር ሙሉበት፣ የፓምፑ መምጠጫ በርሜሉ ውስጥ ይግባ፤ ፓምፑም ከጭቃ ይድናል። ከዚያ ወደ ኩሬው። አሉም (ድፍርስ ውሃ የሚያጠራ ጨው) እንጨምርበት የሚል ሰው አይጠፋም። መጠኑ በናሙና ውሃ ሳይሞከርና የውሃው ፒኤች (የኮምጣጣነቱ ልክ) ሳይለካ ወደ ሐይቅ በሚወርድ ውሃ ላይ አይደረግም፤ ውሃው ሲኮመጥጥ አሉሚኒየሙ ዓሣ ይገድላል። የሚክሰርና የባሬላ እጣቢም ፒኤቹ 12 አካባቢ ነው፤ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይደፋና ሲደርቅ ይነሳ።

የሳይቱ መውጫ በር ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ድንጋይ፣ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ 15 ሜትር ርዝመት ንጠፉ። ቢያንስ ዋልካው ላይ ከሥሩ ጂኦቴክስታይል ካልገባ ድንጋዩ በአንድ ክረምት ይዋጣል። አስፋልት ላይ የወደቀ ጭቃ በአካፋ ይነሳ እንጂ በውሃ አይታጠብ፤ የመንገዱ ቦይ የሚያበቃው ጣና ላይ ነው።

ደንገሉንና ፊላውን ለእይታ ብሎ የሚያስቆርጥ ባለቤት አለ። ያ ዳርቻ የሐይቁ የመጨረሻ መከላከያ ነው፣ ጣናም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ እንዲጠበቅ የተከለለ ቦታ) ነው። ይሁንና ደንገል አለ ብላችሁ ጭቃውን ወደዚያ አትልቀቁ፤ በደለል የተቀበረ ደንገል አዲስ ቡቃያ አያወጣም። ከላይ ያለው የግጦሽ ሣር ሳይነካ ይቆይ፣ የኩሬው ውሃም እዚያ ላይ ተበትኖ ይውጣ።

ሳይት_ዘጌመንገድ

ሁላችሁም ተባረኩ። ኮንትራክተሩ ይህ ሁሉ በቢል ኦፍ ኳንቲቲው (በውሉ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) የለም ብሎ እንደሚከራከር ይሰማኛል። አጥሩንስ ጭራሽ እንተወው? ከኩሬው የሚወጣውስ ደለል የት ይደፋ?

እርከን

በእርግጥም ይከራከራል፤ ስለዚህ «የጎርፍና የደለል ቁጥጥር» የሚል ለብቻው የቆመ ዝርዝር አስገባ፦ ቦዩ በሜትር፣ ክትሩ በቁጥር፣ ጭዱ በካሬ ሜትር፣ ኩሬው በሜትር ኩብ፣ ጥገናው በወር። ጥገናው ለብቻው ካልተከፈለ አይሠራም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ አንድ ሰው በየጠዋቱ አካፋ ይዞ ቦዩን፣ ክትሩንና የቧንቧውን ቀዳዳ ይዙር።

አጥሩን አትተወው፤ ቦታውን ቀይረው። ከሙሌቱ እግር 2 ሜትር ራቅ አድርገህ፣ ከፍታውን ተከትለህ፣ በየ30 ሜትሩ ቆራርጠህ ተክለው፣ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ይታጠፉ። 15 በ15 ሳንቲሜትር ቦይ ቆፍረህ የጆንያውን ታች ቅበረው፤ ሳይቀበር የቀረ አጥር ውሃውን ከሥሩ ያሳልፋል። የባሕር ዛፍ አጣናው በየ2 ሜትሩ፣ 50 ሳንቲሜትር መሬት ውስጥ፣ ከጆንያው በታችኛው ጎን ይቁም። ቦይ አቋርጠህ አትትከለው፤ የቦይ ሥራ የክትር ነው። ጆንያ በፀሐይ ይበጣጠሳልና ለሁለተኛ ክረምት አትመነው። የችግኝ ጥላ መረብ የሚያቀርቡልህ ካሉ ደግሞ እምቢ በል፤ ቀዳዳው ለሲልትም ሰፊ ነው። ደለሉ የአጥሩን ሲሶ ሲደርስ ይጠረግ።

የኩሬው ደለል የኩሬውን ግማሽ ሳይሞላ ይወጣል። በወሰኑ ላይ ወይም ወደ ሐይቁ በኩል አይደፋም። ወደ ላይኛው ክፍል ተመልሶ በዝቅተኛ እርከን ኋላ ይነጠፍ፣ በዚያው ሳምንት ጭድ ይልበስ፤ ከለሙ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ለሣር መትከያም ይሆናል። እርጥቡን ደለል ለሕንጻ ወይም ለመንገድ ሙሌት እንዳይወስዱት ተከታተል፤ አይጠቀጠቅም።

ኩሬውን የምትደፍነው የላይኛው ክፍል ቢያንስ 70 በመቶው በሣር ተሸፍኖ ሲያዝ ነው፣ እሱም ጥቅምት ላይ የሚታይ ነገር ነው። ስትደፍን መጀመሪያ ውሃውን አጉድለው፣ ደለሉን አውጣ፣ ከዚያ ዳርቻውን አፍርስ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክረምቱን ሙሉ የተያዘው ሁሉ በአንድ ቀን ይለቀቃል።